ዕዳን በጠመኔ መክፈል

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ሁሉ በየዓመቱ የሚፈርማት ወረቀት አለች። ሕጉ የወጪ መጋራት ውል ይላታል፤ ግቢ ውስጥ ግን ስሟ ኮስት ሼሪንግ ነው። አንብቦ የሚፈርም ጥቂት ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ለምሳ ልትወጣ ነው፣ ከኋላ ያለው ይገፋል። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማ፣ ቀጣይ! እንዲህ እየተፈረመ አራት ዓመት ያልፍና ወረቀቷ የምትታወሰው ተመራቂው ኦርጅናል ዲግሪውን ፈልጎ እዚያው መስኮት ሲመለስ ነው።

ዘንድሮ በሴሚስተር እረፍት ኩየራ ላይ ይህችን ውል ቃል በቃል የምታነብ ተማሪ አገኘሁ። ኩየራ ከሻሸመኔ በስተሰሜን፣ ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ድንች፣ ጎመን፣ ካሮትና በቆሎ ነው። አባቷም የድንች ገበሬ ናቸው። ልጅቷ ሐዋሳ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስትሆን በዓመቱ መጨረሻ ዲፓርትመንት ትመርጣለች። የውሉን ፎቶ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልኳ አንስታ ይዛዋለች። ከፊቷ የተቀመጠው 12ኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማራት መምህር ነው። ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ሁለቱም ረስተውታል።

«ቲቸር፣ ኢዱኬሽን ብሞላ ምን ይሉኛል?»

መምህሩ ቶሎ አልመለሰም። ከቦርሳው የድሮ ፈተና ወረቀት አወጣና ገልብጦ በጀርባው ጻፈ፦ 11,500።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ መንግሥት ቤት የሚቀጠር ጀማሪ መነሻው ይህ ነው፤ ከዚያ በፊት 6,940 ብር ነበር። መምህራን የራሳቸው የደረጃ ዕድገት መሰላል አላቸው፤ ለስሌቱ ያህል ግን ይህን ቁጥር ያዝን። መምህሩ ከሥሩ ቀነሰ። በሐምሌ 2017 የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ የመጀመሪያውን 2,000 ብር ነጻ ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው ከ15 በመቶ ጀምሮ እየወጣ ይሄዳል። ለ11,500 ብር ሲሰላ 2,100 ብር ይመጣል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 805 ብር። እጅ ላይ የሚደርሰው 8,595።

«አሁን ኮስት ሼሪንግሽን ቀንሺ» አላት። ከወር ገቢ ቢያንስ 10 በመቶ ስለሆነ 1,150 ብር ነው። ልጅቷ በአፏ አሰላችው፤ 7,445።

«ግን ይህ» አለ መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «ማስተማር ትተሽ ሌላ ቦታ ከገባሽ ነው።»

ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት የጉዳዩ ሁሉ እንብርት። ወደ እሷ ለመድረስ ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ አልጋውም ነጻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ወጣና ነገሩ ተቀየረ፤ በ2000 ደግሞ በደንብ ቁጥር 154 ተተካ። ሐሳቡ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው አሠራር ተማሪው ሲማር ሳይሆን ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ እንዲከፍል ያደርጋል። የእኛው ደንብም ተማሪው ቢያንስ 15 በመቶ የማስተማሪያ ወጪውን፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍን ደነገገ። ክፍያው ከደመወዝ ላይ በአሠሪው በኩል ተቆርጦ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ ከ15 ዓመት ማለፍ የለበትም። አስቀድሞ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ቅናሽ አለው። ኬንያ ውስጥ የመንግሥት የትምህርት ብድር የሚወስድ ልጅ ወለድ ይከፍላል፤ የእኛ ግን ወለድ የለውም።

ወለድ የሌለው ዕዳ የዋጋ ንረት ባለበት አገር እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ የኩየራ ገበሬ ያለ ኢኮኖሚስት ይገባዋል። በ2014 አጠቃላይ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ2000 የተፈረመ ጥቂት ሺህ ብር ዕዳ በ2014 ላለ ተቀጣሪ ከአንድ ወር ደመወዝ ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ነው ያኔ የተመረቁ ብዙዎች ኮስት ሼሪንግን እንደ ዕዳ ሳይሆን እንደ ወረቀት ጣጣ የሚያስታውሱት። ኦርጅናል ዲግሪውን ለማውጣት አንድ ቀን ይሄዳሉ፣ ከፍለው ክሊራንስ ይዘው ይወጣሉ፤ በቃ። ውጭ ለመማር ወይም ለመሥራት ካልሆነ ደግሞ በጊዜያዊው ዲግሪ፣ በቴምፖራሪው፣ ዓመታት ይኖራሉ።

አሁን ግን ስሌቱ ተለውጧል፣ የለወጠውም ምግብ ነው። ለዓመታት ለአንድ ተማሪ በቀን 15 ብር፣ ኋላም 22 ብር የነበረው የዩኒቨርሲቲ የምግብ በጀት በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ ተደረገ። ማንም ይህን ሊቃወም አይችልም። በ22 ብር ሦስት ጊዜ የሚበላ ሰው በኢትዮጵያ የለም፤ ካፌው ምን ያቀርብ እንደነበር የበላ ያውቀዋል። ሆኖም ደንቡ ምግብን ሙሉ በሙሉ በተማሪው ላይ ስለሚጥል ጭማሪው ወደ ውሉ ይገባል። መምህሩና ተማሪዋ ሁለተኛውን ስሌት ያወጡት በዚሁ መንገድ ነው። 100 ብር በቀን፣ 3,000 በወር፣ 10 ወር ትምህርት 30,000፣ አራት ዓመት 120,000 ብር። ለምግብ ብቻ። በድሮው 22 ብር ግን አራቱ ዓመት 26,400 ነበር።

«በወር 1,150 ብትከፍይ…» አለ መምህሩ፤ ልጅቷ ቀደመችው። «ስምንት ዓመት ከስምንት ወር አካባቢ።»

የድሮው በዚሁ ክፍያ 23 ወር ይሆን ነበር። መኝታውና የትምህርቱ ድርሻ ገና አልተጨመረም። ደመወዝ ሲያድግ ክፍያው ያጥራል፣ ንረቱም ዕዳውን ይበላዋል፤ ቢሆንም ከእንግዲህ ኮስት ሼሪንግ የወረቀት ጣጣ ብቻ ነው ብሎ የሚመክር ታላቅ ወንድም የራሱን ዘመን ነው የሚያወራው።

የትምህርት ዲግሪ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ደንቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ መምህር ለመሆን የሚማሩ ልጆች ድርሻቸውን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት እንዲከፍሉ በር ከፍቷል። አስተምሮ ጊዜውን የጨረሰ መምህር ከሚሠራበት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፤ ዕዳው በጠመኔ ተከፍሏል ማለት ነው። ዕዳው 26,400 ብር ሳለ ይህ ለማንም ማባበያ አልነበረም። ዕዳው 120,000ን ሲሻገር ግን በየወሩ 1,150 ብር የማይቆረጥበት ደመወዝ ማለት ነው፤ በመንግሥት መዝገብ ላይ የማይታይ የደመወዝ ጭማሪ። ጠመኔውን ጥሎ ባንክ ወይም ድርጅት የሚገባ መምህር ደግሞ ያ ተኝቶ የነበረው ዕዳ ይነሣበታል። ስለዚህ አንድ የሂሳብ አያያዝ ምሩቅና አንድ መምህር እኩል 11,500 ቢቀጠሩ እጃቸው ላይ የሚደርሰው እኩል አይደለም፤ መምህሩ ይበልጣል። የሂሳብ አያያዙ ምሩቅ ግን ነገ 20,000 የሚከፍል የግል ድርጅት ቢያገኝ ይሄዳል። መምህሩ ከመሄዱ በፊት የሚያስበው አንድ ነገር ይጨመርበታል።

እንደ እኔ ይህ ብልህ ሕግ ነው፤ ጎደሎነቱ መንግሥት ያንኑ ጥቅም ለማንም አለመንገሩ ነው። ዲፓርትመንት በሚመረጥበት ሰሞን ስለዚህ የሚናገር ፖስተር በየትኛውም ግቢ ተለጥፎ አላየሁም። ኢዱኬሽን የሚሞላው ብዙ ጊዜ ሌላው የሞላበት ልጅ ነው።

አጠገባችን ካለው ጠረጴዛ አንድ ሽማግሌ ስሌቱን ሲሰሙ ቆይተው ወንበራቸውን አስጠጉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ በከተማው ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። የመምህራን ማሠልጠኛ (ቲ.ቲ.አይ.) ተምረው በደርግ ጊዜ ሥራ የገቡት በ230 ብር ነው። «ዲግሪ የያዘው ደግሞ 500» አሉ ጣታቸውን አንስተው። «አምስት መቶ ብር! የዲግሪ መምህር ሲያልፍ ሴቶቹ ዞር ብለው ያዩት ነበር።»

የ500 ብሩን ትርጉም ለማግኘት ዶላር ጥሩ መለኪያ አይደለም፤ ኩየራ ላይ ድንች በዶላር አይሸጥም፣ ያኔም ስኳርና ዘይት የሚገኘው በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነበር። ለማነጻጸር ያህል ግን በዚያን ጊዜ ዶላር በይፋ 2.07 ብር ስለነበር 500 ብር 240 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀና ዶላሩ ከ140 ብር ካለፈ ወዲህ 11,500 ብር 80 ዶላር አካባቢ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ደስ ብሏቸው አይመስለኝም።

ጋሼ የሚያውቁት ሌላም ነገር አለ። በአገልግሎት መክፈል የ1995 ፈጠራ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ደነገገ፤ አብዛኞቹም የተመደቡት መምህር ሆነው ነው። ጋሼ ራሳቸውን በልጅነታቸው ካስተማሯቸው ከእነዚህ አንዱን ያስታውሳሉ፤ ጸጉሩ አፍሮ፣ ሱሪው ቤል። ኋላ ደግሞ በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ያቆሙት የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተባለውን ዕቅድ ተቃውመውና የደመወዝ ጥያቄ ይዘው ነው። ተማሪው፣ የታክሲ ነጂውና ወታደሩም በየራሳቸው ጥያቄ ወጡ፤ መስከረም ላይ ንጉሡ በዙፋናቸው አልነበሩም። በዚህ አገር የመምህር ደመወዝ ትንሽ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። የሚገርመው አሁንም እንደ ትንሽ ጉዳይ መያዙ ነው። በቅርብ ዓመታት በደቡብ አንዳንድ ዞኖች መምህራን ለወራት ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቀርተው ክፍሎች ተዘግተዋል። 11,500 ብር በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ በወሩ መጨረሻ መግባቱ ለብቻው የሚቆጠር ጥቅም ነው።

ልጅቷን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የያዛት ሌላ ጥያቄ ነበር፤ «ኢዱኬሽን ስንት ዓመት ነው የሚፈጀው?» ጥያቄዋ ልክ ነው። የትምህርት ዲግሪ በሃያ ዓመት ውስጥ መልኩን ደጋግሞ የቀየረ ዲግሪ ነው። በ1995 አካባቢ በተደረገው የመምህራን ትምህርት ለውጥ ሦስት ዓመት ነበር። በ2003 ገደማ ደግሞ የትምህርት ዲግሪው ራሱ ቀረና ልጁ መጀመሪያ ፊዚክስን ወይም ታሪክን እንዲማር፣ ከዚያ አንድ ዓመት ፒ.ጂ.ዲ.ቲ. የሚባለውን የማስተማር ዲፕሎማ እንዲጨምር ተደረገ። ችግሩ ግልጽ ነበር። ፊዚክስን የጨረሰ ልጅ ሌላ ሥራ ካገኘ ለዚያች አንድ ዓመት አይመለስም፤ ካላገኘ ብቻ ይመለሳል። በዚያ መንገድ የመጡ በጣም ጥሩ መምህራን አውቃለሁ፣ በየስብሰባው ግን ሲወራ የነበረው ማስተማር የሥራ አጥ መጠለያ መሆኑ ነበር። አሁን ደግሞ አገሪቱ ማስተማርን ከመጀመሪያው ከትምህርቱ ጋር አብሮ ወደሚሰጥ የአራት ዓመት ፕሮግራም እየተመለሰች ነው፤ የኮተቤ ዩኒቨርሲቲ በ2014 የትምህርት ዩኒቨርሲቲ መባሉ የዚሁ አካል ነው። ለዕዳ ስሌት ይህ ለውጥ ጥሩ ነው። አምስተኛ ዓመት ዶርም፣ አምስተኛ ዓመት ካፌ የለም።

ተማሪ የሚወድቅባቸው ሁለት ቦታዎች ግን አሉ። አንደኛው ሬሜዲያል ነው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ጥብቅ ሆኖ ሲሰጥ 50 በመቶ ያለፈው 3.3 በመቶ ተማሪ ብቻ ነበር፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ከቀሩት የተሻለ ያመጡት ማካካሻ ይማራሉ፤ ያ ጊዜ በወላጅ ኪስ ላይም፣ በልጁ ዕድሜ ላይም ይቆጠራል። ይህች ልጅ አልፋለች። ሁለተኛው የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ጀምሮ ኤግዚት ኤግዛም ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም። ዕዳው ግን እንደተፈረመ ይቆያል።

የግል ኮሌጅስ? ኩየራ ላይ ይህ ጥያቄ የግድ ይነሳል፤ ከተማዋን በአገር ያሳወቃት የአድቬንቲስት ሚሽን ነውና። እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተው የአድቬንቲስት ኮሌጅ ዛሬም እዚያው ነው፤ የአካባቢው ሰው ሚሽን ይለዋል። በዓለም ዙሪያ ያሉ የአድቬንቲስት ትምህርት ቤቶች ድሃ ተማሪ በእርሻና በከብት ርባታ እየሠራ ክፍያውን እንዲያቀል የማድረግ የቆየ ልማድ አላቸው፤ ያም ሌላ ዓይነት ዕዳን በሥራ መክፈል ነው፣ ግን ከምረቃ በፊት። በግል ኮሌጅ ኮስት ሼሪንግ የለም፤ በሴሚስተር ከፍለህ ትማራለህ። ነገር ግን በ2002 መጨረሻ መንግሥት የግል ተቋማት ከሕግና ከመምህራን ሥልጠና እንዲወጡ ወስኗል። መምህር መሆን የፈለገ የኩየራ ልጅ መንገዱ በአብዛኛው ወደ መንግሥት ተቋም ነው። ወይ በቅርብ ሻሸመኔ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዲፕሎማ ይዞ እየሠራ በክረምት ዲግሪውን ይቀጥላል፣ ወይ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። የክረምቱን መንገድ ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ለድሃ ቤተሰብ ልጅ ከሁሉም ያነሰ ዕዳ ያለበት መንገድ ይመስለኛል። ልጁ ሲማርም ደመወዝ አለው፤ የሚያጣው ክረምቱን ነው።

አባቷ የደረሱት በዚህ መሀል ነው። ድንች ጭነው ልከው፣ እግራቸው አፈር እንደሆነ ነው የገቡት። ቁጥሮቹን ሁሉ ልጅቷ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አባትየው ሲያዳምጡ ቆዩና «ድንች እንኳ በአራት ወር ይደርሳል፤ ይሄ አራት ዓመት ነው» አሉ። መምህሩ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ቀጠሉ። «እሺ ዕዳውን በማስተማር ትከፍላለች። እስከዚያ ምን ትበላለች?»

መልሱ ከማንም በላይ መምህሩን ይመለከተዋል። 8,595 ብር ይዞ ሻሸመኔ ወይም አዳማ ተመድቦ ቤት የሚከራይ ጀማሪና እዚሁ ኩየራ ወላጆቹ ቤት እየኖረ የሚያስተምር ጀማሪ አንድ ዓይነት ደመወዝ የላቸውም ማለት ይቻላል። ቤት ኪራይ ደመወዙን ለሁለት ይከፍለዋል። መምህሩ ራሱ ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ያስጠናል፤ የፈተና ሰሞን ከዚያ የሚያገኘው ቀላል እንዳልሆነ በፈገግታ ነው የነገረኝ። ሁሉም መምህር ግን ሒሳብ አያስተምርም። የሥነ ዜጋ መምህርን ማን ቤቱ ጠርቶ ያስጠናዋል? አንዳንዱ በማኅበር ተደራጅቶ የቤት መሥሪያ ቦታ ለማግኘት ይጠብቃል፣ አንዳንዱ ባጃጅ ገዝቶ በሹፌር ያስነዳል። የደረጃ ዕድገቱ አለ፤ ከጀማሪ መምህር ተነስቶ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ እየተገመገመ ከፍተኛ መሪ መምህር እስከሚባለው ድረስ ይወጣል። እርከኖቹ ላይ ያለው ልዩነት ግን ሰውን ክፍል ውስጥ የሚያቆየው አይመስለኝም፤ ብዙውን የሚያቆየው መልመዱ ነው፣ ወይም መውደዱ።

ልጅቷን ምን እንደምትወድ ጠየቅኳት። ኬሚስትሪ አለችኝ። ኬሚስትሪን በትምህርት በኩል ብትማረው ተመርቃ ሌላ ቦታ የመቀጠር ዕድሏ እንዳይጠብ ፈርታለች፤ ፍርሃቷም መሠረት የሌለው አይደለም። የቅጥር ማስታወቂያ ላይ «ኬሚስትሪ» ብሎ የሚጽፍ ፋብሪካ ከትምህርት ፋኩልቲ የመጣውን ሲያይ ይጠራጠራል። በዚህ በኩል አዳማ ራሷ ታሪክ አላት። ዛሬ በምሕንድስና የሚታወቀው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ናዝሬት ኮሌጅ በነበረበት ዘመን የቴክኒክ መምህራን ያሠለጥን ነበር፤ ከዚያ ከወጡት ኋላ ወርክሾፕና ድርጅት የከፈቱ አሉ። ሙያ የያዘ መምህር መውጫ አለው። ለዚህ ነው እኔ ብጠየቅ ከትምህርት ዲግሪዎች ሁሉ ሒሳብን፣ ሳይንስን፣ እንግሊዝኛንና የቴክኒክ ትምህርቶችን ከሌሎቹ የማስቀድመው። ዕዳው እኩል ነው፣ ደመወዙ እኩል ነው፣ ከሰዓት በኋላው ግን እኩል አይደለም።

ሊለያዩ ሲሉ ልጅቷ ስልኳን እንደገና ከፈተችና የውሉን አንዱን መስመር አጎላችው።

«ቲቸር፣ በግል ትምህርት ቤት ባስተምርስ? አገልግሎቱ ይቆጠርልኛል?»

«እሱን ሬጅስትራር ሄደሽ ጠይቂ» አላት መምህሩ ወረቀቱን አጥፎ እየሰጣት። «ስንት ዓመት እንደሆነም፣ ለሌላ ክልል ብትቀየሪ ምን እንደሚሆንም ጠይቂ። የቃል መልስ ከሰጡሽ ግን አትቀበይ፤ ማኅተም ያለው ይስጡሽ።»

አባትየው የሻዩን ሂሳብ ሊከፍሉ ተነሱ። መምህሩ እጃቸውን ያዛቸውና የማን ሂሳብ እንደሆነ ክርክር ተጀመረ።